«ግማሹን ይቅር በይው»

ባለፈው እሁድ ከሽምግልና ተነስቼ ወጣሁ። ወሬው ከኔ ቀድሞ ደሴ ገብቷል መሰለኝ፣ ማታውኑ ስልኬ ሲጠራ አመሸ። «ቲቸር፣ ሽማግሌዎቹን ጥለው ወጡ የሚባለው እውነት ነው?» የሚል የቀድሞ ተማሪ አለ። «በዚህ ዕድሜህ ምን ነካህ? ሽማግሌ ይቀመጣል እንጂ ይነሳል እንዴ?» ያለኝ እኩያዬም አለ። አንዱ ደግሞ ኢንቦክስ ገብቶ «ኮንትራክተሩ ምን አድርጎህ ነው?» ይለኛል። እኔን ምንም አላደረገኝም። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምመልስ እዚህ ልጻፈውና የፈለገ ያንብበው። ረጅም ነው፤ ቡና አፍሉ።

ባለቤቲቱ ተማሪዬ ነበረች። ስሟን አልጽፍም፤ የኮንትራክተሩንም አልጽፍም። ኩታበር ትንሽ ናት፣ የሚያውቅ ያውቃል። ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምራት ካርታ መሳል የምትወድ፣ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። አሁን ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ። የእናቷ የጭቃ ቤት ስለዘመመ፣ በዚያው ቦታ ላይ ባለ አራት ክፍል የብሎኬት ቤት ለማሠራት በ2016 ታኅሣሥ ላይ ተዋዋለች። ተዋዋለች ማለቴ ወንድሟ ተዋዋለላት። ውሉ ከደብተር የተቀደደ ግማሽ ገጽ ነው። ቁሳቁሱም እጁም የኮንትራክተሩ ሆኖ፣ በቁርጥ 1,150,000 ብር ሠርቶ ሊያስረክብ። ፕላን የለም። የሚያልቅበት ቀን የለም። የመሰረቱ ጥልቀት፣ የብረቱ ውፍረት የለም። ሁለት ፊርማ አለ፣ በቃ።

ገንዘቡን በሦስት ጊዜ ላከች። መሰረቱ ወጣ፤ ግድግዳው እስከ በርና መስኮቱ ራስ ደረሰ። ግንቦት ላይ ሰውየው «አሁን የጣሪያው ነው፤ ሳይወደድ ቆርቆሮውንና እንጨቱን አንድ ላይ ልግዛ» ብሎ 300,000 ብር ጠየቀ። ላከች። አንድ ቆርቆሮ አልተገዛም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙ ሳይቆይ መቶን አለፈ፤ ቆርቆሮውም ብረቱም ተከተለው። ሰውየው «በዚህ ዋጋ አልችልም» ብሎ ቆመ። ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ሁለት ክረምት ዝናብ ሲጠጣ ከረመ። በሁለተኛው ክረምት ከማዕዘኑ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ተሰነጠቀ።

ሽማግሌዎቹ ሰባት ነበርን። ልጅቱ በስልክ ናት፤ ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጧል። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ የምትለው ግማሹ አይሰማም። «ሃሎ፣ ጋሼ፣ ይሰማዎታል?» ትላለች። ኮንትራክተሩ ፊት ለፊታችን ቁጭ ብሎ ስለ ዋጋ ንረት ሰፊ ማብራሪያ ሰጠን። እውነቱን ለመናገር የዜና ጋዜጠኛም እንደሱ አያስረዳም። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው ተመካከሩና ትልቁ ሰው ውሳኔውን ተናገሩ። «ልጄ፣ ለጣሪያ ከላክሽው ግማሹን ይቅር በይው። ግማሹን በዓመት ውስጥ ቀስ እያለ ይመልስልሻል። ግድግዳው በአፈሩ ነው የተሰነጠቀ፣ የአላህ ሥራ ነው፣ እሱ ምን ያድርግ? እሱም ልጆች አሉት።»

ስልኩ ዝም አለ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎን ነበር። እያለቀሰች ነው።

ያኔ ተነሳሁ።

እስቲ ይቅር የተባለውን ግማሽ አብረን እናስላው። ግማሹ 150,000 ብር ነው። ገንዘቡን በላከች ጊዜ አንድ ሪያል በባንክ 15 ብር ገደማ ነበር። ስለዚህ 10,000 ሪያል መሆኑ ነው። በወር 1,000 ሪያል ለሚከፈላት ልጅ ይህ የአሥር ወር ደሞዝ ነው፤ ሳትበላ፣ ሳትለብስ፣ ለእናቷ ወርሃዊ ሳትልክ። አሥር ወር የሰው ልጅ ስታጥብ፣ የሰው ምንጣፍ ስታነሳ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ለእንግዳ ሻይ ስታፈላ ኖራለች። እኛ ሰባት ሰዎች በሁለት ሲኒ ቡና መካከል ያንን ይቅር በይው አልናት። ከመካከላችን አንዱማ ጭራሽ «እሷ ሪያል አላት» ብሏል። ሪያል ጅዳ ላይ እንደ ባህር ዛፍ የሚበቅል ነው የመሰለው።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። ሦስት ነገር ተብሏል፤ ሦስቱም ስህተት ነው።

የመጀመሪያው «ዋጋ ጨመረ» የሚለው ነው። ጨምሯል። ማንም አልካደም። ጥያቄው የጨመረውን ማን ይሸከም የሚለው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህንን ቁርጥ አድርጎ መልሶታል። ቁጥር 1764ን አንብቡት፤ ሁኔታው ተለውጦ ግዴታው አንዱን ወገን ካሰበው በላይ ቢከብደውም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ቁጥር 1794 ደግሞ ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ ዋጋ መጨመር ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ተብሎ እንደማይቆጠር ለይቶ ይናገራል፤ ተዋዋዮቹ ራሳቸው ሌላ ካልተስማሙ በስተቀር። «በቁርጥ» ብሎ የፈረመ ሰው ዋጋ ቢወርድ ትርፉ የራሱ ነበር፤ «ሲሚንቶ ረከሰና ይህን መልሼልሻለሁ» ብሎ የደወለ ኮንትራክተር አይቼ አላውቅም። ዋጋ ሲወጣ ግን ባለቤቷ እንድትካፈለው ይፈለጋል።

የሚገርመው ደግሞ ሕጉ ለዚህ በር ትቷል። ዋጋ ይዋዥቃል ብሎ የሚሰጋ ሰው አስቀድሞ ውሉ ላይ ማስገባት ይችላል፤ «ብረት ከዚህ በላይ ከጨመረ በእኩል እንካፈላለን» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ። በ2014 እና በ2015 አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ከሺህ ብር ሲያልፍ ያየ ኮንትራክተር በ2016 ሲዋዋል «አላሰብኩትም ነበር» ሊለኝ አይችልም።

ሚዛናዊ ልሁን። ሕጉ ከአቅም በላይ ብሎ የሚቀበላቸው ነገሮች አሉ፤ ጦርነት አንዱ ነው፣ በቁጥር 1793 በስም ተጠቅሷል። በ2014 መጀመሪያ ውጊያው ኩታበርን አልፎ ደሴ ሲገባ ሥራ ጥሎ የሸሸን ግንበኛ የሚከስ ሰው ቢመጣ፣ እኔው ራሴ ለግንበኛው እከራከርለት ነበር። ሁላችንም ሸሽተናል። መንገድ በሚዘጋጋበት ሰሞን ለዘገየም እታገሣለሁ። ይህ ሰው ግን «መንገድ ተዘጋብኝ» አላለም፤ እንዲያውም በዚያው ሰሞን ሌላ ሰው ቤት ላይ ጣሪያ ሲመታ ነበር። በማን ቆርቆሮ እንደሆነ አልጠይቅም። ፍርድ ቤት ይጠይቀው።

ሁለተኛው «አፈሩ ነው» የሚለው። ይህ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። የኛ ዋልካ አፈር በበጋ እጅ እስኪያስገባ እንደሚሰነጠቅ፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ እንደሚያብጥ የኩታበር እረኛ ያውቀዋል። ግንበኛ ነኝ ብሎ ገንዘብ የተቀበለ ሰው አላወቅሁም ካለ፣ ገንዘቡን የተቀበለው ለምን ዕውቀት ነው? ከሽምግልናው በኋላ ከወንድሟ ጋር ሄጄ በተሰነጠቀው ማዕዘን በኩል አስቆፈርኩ። መሰረቱ 60 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ዋልካው ገና አላለቀም፤ ጠንካራው መሬት ከታች አለ። ቆፍሮ መድረስ ብቻ ነበር። ሰባት ሽማግሌ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለዚያ ግድግዳ ሲያወራ አንዳችንም፣ እኔንም ጨምሮ፣ ቀድመን ሄደን አላየነውም። ቤቱ ከተቀመጥንበት የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው።

ሕጉ ስለ አፈሩም ተናግሯል። ቁጥር 3039፤ ይህንን ቁጥር ቤት የምታሠሩ ሁሉ በስልካችሁ ላይ ጻፉት። ቤት የሠራ ሰው ከርክክቡ ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ትክክለኛነትና ለቤቱ ጥንካሬ ዋስ ነው። በአሠራሩ ጉድለት ለሚደርስ ጥፋት ብቻ ሳይሆን ቤቱ በቆመበት መሬት ጠባይ ምክንያት ለሚደርሰውም ጭምር ተጠያቂ ነው። ውሉ ላይ «ዋስትና የለብኝም» ወይም «ዋስትናዬ አንድ ዓመት ነው» ብሎ ቢያስፈርማችሁ እንኳ ያ ጽሑፍ ዋጋ የለውም፤ ሕጉ ራሱ ይሽረዋል። የልጅቱ ቤት ገና ርክክብ ስላልተደረገ አሥሩ ዓመት መቁጠር አልጀመረም የሚል የሕግ ሰው ይኖራል፤ ልክ ነው። ግን ካስረከበ በኋላ እንኳ በአፈሩ ለሚመጣው ለአሥር ዓመት የሚጠየቅ ሰው፣ ሳያስረክብ በፊት «አፈሩ ነው» ብሎ እንዴት ያመልጣል?

ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው የሚል አለ። እርግጥ ነው ሕጉን ያረቀቀው ሬኔ ዳቪድ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር፤ የፈረንሳዮቹ ሕግም ከናፖሌዎን ዘመን ጀምሮ አሥር ዓመቱን ያውቀዋል። ነገር ግን ታሪክ ያስተማርኳችሁ ልጆች ሐሙራቢን ታስታውሳላችሁ፤ ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ የሆነው የባቢሎን ንጉሥ። ፈተና ላይ «ዓይን ለዓይን» ብቻ ጽፋችሁ የምትወጡት። ከዚያው ሕግ ውስጥ ግንበኛ የሠራው ግድግዳ ሊወድቅ ቢያዘም በራሱ ገንዘብ ያጠንክረው የሚል አለ። ቤቱ ፈርሶ ባለቤቱን ቢገድልማ ግንበኛው ይሙት ይላል፤ እዚያ ድረስ አልሄድም። ለማለት የፈለግሁት፣ ግድግዳ ሲሰነጠቅ «የአላህ ሥራ» ብሎ ማለፍ ባቢሎን ላይም አልተፈቀደም።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደኝ፣ «ሽምግልና ባህላችን ነው፤ ወረቀትና ክስ የኛ አይደለም» የሚለው ነው።

ከየት የመጣ ወሬ ነው? አባቶቻችን ያለ ዋስ አንድ ቁና ገብስ አይበዳደሩም ነበር። ችሎት ፊት ሲቆሙ መጀመሪያ የሚባሉት «ዋስ ጥራ» ነው። እማኝ ቆጥረው፣ ቀብድ ሰጥተው፣ ዋስ አስይዘው ነው የሚገበያዩት። ያኔ መጻፍ የሚችለው ጥቂት ስለነበር ወረቀቱን በሰው ተኩት እንጂ በእምነት ብቻ አልኖሩም። «በእምነት ነው» የሚለው አባባል የቅርብ ጊዜ ስንፍናችን ነው፤ ባህል አትበሉት።

ደግሞ መጻፍማ እንችላለን። የየቅሬያችንን መዝገብ አውጥታችሁ እዩት። ማን ከቀብር እንደቀረ፣ ማን ድንኳን ሲተከል እንደዘገየ፣ የቅሬው ስንት ሰሃን እንደተሰበረና ማን እጅ ላይ እንደተሰበረ ተጽፏል። ሰሃን ሰብረህ ከቅሬ መዝገብ አታመልጥም! የሚሊዮን ብር ቤት ግን ከደብተር በተቀደደ ግማሽ ገጽ።

ሽምግልናን አልናቅሁም። በኛ በወሎ አበጋሮች ደም ያደርቃሉ፤ ነፍስ የጠፋበትን ቤተሰብ አንድ ገበታ ላይ ያስቀምጣሉ። ያንን የሚያህል ፍርድ ቤት የለም። እዚያ «ይቅር በል» ማለት ተገቢ ነው፤ የሞተው አይመለስማ፣ የሚቀጥለውን ሞት ለማስቀረት ነው። ያልተገዛ ቆርቆሮ ግን ሊገዛ ይችላል። የተሰነጠቀ ግድግዳ ፈርሶ ሊሠራ ይችላል። የሚቆጠርና የሚለካ ነገር ፊታችን እያለ ሳንቆጥር፣ ሳንለካ መሃሉን መቁረጥ ምን የሚሉት ዳኝነት ነው?

ይህ መሃል መቁረጥ የሚያመጣውን ጣጣ ደግሞ ተመልከቱት። ኮንትራክተሩ ሲጀምር ያውቀዋል። 300,000 ወስዶ ባይሠራ ሽማግሌ ይገባል፤ ሽማግሌ ከገባ ግማሹ ይቀርለታል፤ ግማሹንም በዓመት ይከፍላል፣ ከከፈለ። ያለ ወለድ፣ ያለ ዋስ ብድር አገኘ ማለት ነው፤ ለዚያውም ግማሹ የማይመለስ። በጨዋነት የሚሠራው ግንበኛ ይህን እያየ ለምን ጨዋ ሆኖ ይቀጥላል? እኛ ሽማግሌዎቹ ነን ሥራውን ትርፋማ ያደረግነው።

እኔም አለሁበት። በ2013 አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ከቤታቸው ጀርባ አንድ ክፍል አሠርተው ነበር። ግንቡ ዘሞ ነበር። ገንዘባቸው ይመለስልኝ ብለው ሽማግሌ ሲያስቀምጡ አንዱ እኔ ነበርኩ። አንደበቴ ጣፋጭ ነው ይባላል፤ ማግባባቱን ለኔ ሰጡኝ። «እማማ፣ ግማሹን ይቅር ይበሉት፤ ልጅ ነው፣ ገና እየተማረ ነው» ያልኩ እኔ ነኝ። እሺ አሉ፤ መረቁንም። በተከታዩ ክረምት አንድ ሌሊት ያ ግድግዳ ወደ ውስጥ ወደቀ። ሁለት በጎች ሞቱ። እዚያ ክፍል ይተኛ የነበረው የልጅ ልጃቸው የዚያን ዕለት ጎረቤት አድሮ ነበር። ሴትዮዋ ዛሬም ቀብር ላይ ስንገናኝ «እንዴት ነህ መምህር» ይሉኛል፤ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። እሁድ ዕለት ያ «ግማሹን» የሚለው ቃል ሲወጣ ድምፁ የኔ ሆኖ ነው የተሰማኝ። እና «ምን ነካህ» ላላችሁኝ፣ የነካኝ ይሄ ነው።

ኮንትራክተር ሁሉ ሌባ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ደሴ የሚሠራ፣ እሱም ተማሪዬ የነበረ፣ ማታ ደውሎ የራሱን ነገረኝ። ሦስት ክፍል ብሎ ተዋውሎ «እግረ መንገድህን» ተብሎ አራተኛ ጨመረ፤ በሩን ሁለት ጊዜ አዛወረ፤ አሸዋውን ባለቤቱ አቀርባለሁ ብሎ አፈር የበዛበት አመጣ፤ መጨረሻ ላይ የቀረውን 90,000 ብር ሲጠይቅ «ቤተሰብ አይደለን እንዴ?» ተባለ። ሽማግሌ አስቀመጠ። ምን የፈረዱለት ይመስላችኋል? ግማሹን ይቅር በል። «ከዚያ ወዲህ ቲቸር፣ ለሁሉም ደንበኛ ዋጋዬ ላይ ይቅር የምባለውን ቀድሜ እጨምራለሁ» አለኝ። ሰማችሁ? በአግባቡ የምትከፍሉት ሰዎች የማታውቁትን ሰው ዕዳ እየከፈላችሁ ነው።

«ታዲያ ፍርድ ቤት ይሻላል? ፍርድ ቤት የገባ እኮ ሳያልቅለት ያልቃል» ትሉኛላችሁ። ፍርድ ቤትም ገነት አይደለም። ቀጠሮ አለ፣ የዳኝነት ክፍያ አለ፣ ባለሙያ ግድግዳውን አይቶ ሪፖርት እስኪያቀርብ መጠበቅ አለ፣ ይግባኝ ካለ ደሴ መመላለስ አለ። ፈርዶላችሁም በስሙ ምንም ንብረት የሌለው ሰው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ የአክሰስ ሪል ስቴትን ጉዳይ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ከ2,000 በላይ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ቤት ሲጠብቅ ዓመታት አለፉ። ከነዚያ መካከል ጠበቃም፣ ነጋዴም፣ ዲያስፖራም ነበረበት፤ ውላቸውም ታትሞ ማኅተም ያረፈበት ነበር። ስለዚህ ወረቀት ብቻውን ቤት ይሠራል የሚል ቅዠት የለኝም። በ2017 ፓርላማው ለሪል ስቴት አዋጅ አውጥቷል፤ ደግ ነው፣ ግን እሱ ቤት ገንብተው ለሚሸጡ አልሚዎች ነው። በእናቷ ቦታ ላይ ግንበኛ ቀጥራ የምታሠራ የኩታበር ልጅ ጋ አይደርስም። የ2001ዱም የሕንፃ አዋጅ ቤቶችን በሦስት ምድብ ሲከፍል እንደኛ ያለውን ባለ አንድ ወለል መኖሪያ በቀላሉ ምድብ፣ በ«ሀ» ነው ያስቀመጠው፤ ጠበቅ ያለው ነገር ለፎቁና ለትልልቁ ነው። ማንም መጥቶ ብረታችሁን አይቆጥርላችሁም።

ለዚህ ነው ሽማግሌነቱ ይቅር ሳይሆን ሥርዓት ይያዝ የምለው። ይህን የሚፈቅድ ሕግም አለ። በ2013 የወጣው የግልግል ዳኝነት አዋጅ፣ ቁጥር 1237፣ ሁለት ሰዎች በጽሑፍ ተስማምተው ጉዳያቸውን ለመረጧቸው ገላጋይ ዳኞች እንዲሰጡ ያደርጋል፤ የገላጋዮቹ ውሳኔ እንደ ፍርድ ቤት ፍርድ ይፈጸማል። ያነሳሁት ቁጥር 1764 ራሱ ሁኔታ ሲለወጥ የሚመጣውን ጣጣ ወደ ገላጋይ መውሰድ እንደሚቻል ይናገራል። ስለዚህ ሽማግሌ ስንሆን ከሦስታችን አንዱ ግንባታ የሚያውቅ ይሁን፤ ሄደን እንይ፤ እንለካ፤ የደረሰኝ ወረቀት እንይ፤ ምክንያታችንን ጽፈን እንፈርም። ምክንያቱን ጽፎ መፈረም ሲመጣ «እሷ ሪያል አላት» ብሎ የሚፈርም ሽማግሌ አይገኝም።

ውጭ ያላችሁ ልጆቼ፣ ጅዳ፣ ሪያድ፣ ቤይሩት፣ ዱባይ፣ ይህ ለናንተ ነው። ገንዘብ በወንድም፣ በአጎት አካውንት አትላኩ፤ ወንድም ወንድም ነው፣ እሱንም ለሐሜት አታጋልጡት። በቀጥታ ለሠሪው፣ ምክንያቱን ባንኩ ደረሰኝ ላይ አስጽፋችሁ ላኩ፤ «ለመሰረት»፣ «ለግድግዳ»፣ «ለጣሪያ»። ክፍያው ሥራውን ይከተል እንጂ አይቅደመው፤ መሰረቱ አልቆ ሳይታይ የግድግዳ አይከፈል፣ ቆርቆሮው ግቢ ውስጥ ሳይራገፍ የጣሪያው አያልቅ። ቅድሚያ ክፍያን «ቀብድ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ቀብድ በሕግ ሌላ ትርጉም አለው፣ ውሉን የሚያፈርሰው የሰጠው ሰው ከሆነ ገንዘቡን ያጣል። ለምትወክሉት ሰው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ውክልና ስጡት። ኮንትራክተሩ ዋስ ያምጣ፤ ዋስ ማምጣት ያፈረ ካለ አባቶቹ እንዳላፈሩ ንገሩት።

እና ርክክብ! ርክክብ እኛ ጋ የለም። ቤት ሲያልቅ በግ ይታረዳል፣ ዱአ ወይም ጸበል ይደረጋል፣ ግንበኛው በልቶ፣ ተመርቆ፣ ብርድ ልብስ ተሸልሞ ይሄዳል። አሥሩ ዓመት ከመቼ ጀምሮ ይቆጠር? በጉ ከታረደበት ቀን? ሊሆን ይችላል፣ ግን ዳኛ ፊት በጉን ምስክር አታደርጉትም። በጉንም እረዱ፣ አንድ ገጽ ወረቀትም ተፈራረሙ፤ ቤቱን ዛሬ ተረክቤያለሁ፣ ቀን፣ ፊርማ፣ ሁለት እማኝ። ሕግ የተማራችሁ፣ ሲቪል ኢንጂነሪንግ የተማራችሁ ተማሪዎቼ ብዙ ናችሁ፤ ደሴ ተቀምጣችሁ ፖስቴን ላይክ ከምታደርጉ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንድ ቀለል ያለ የቤት ሥራ ውል በአማርኛ አዘጋጁልኝ። ኮፒውን በየቅሬው እኔ አከፋፍላለሁ። የኮፒው ወጪ በኔ።

አብረውኝ ለተቀመጡት ስድስቱ ሰዎች፦ አልናቅኋችሁም። ሁላችሁም ታላላቆቼና ጓደኞቼ ናችሁ፤ ነገ ቀብር ላይ አብረን እንቆማለን። ከተቀየማችሁኝ ጥሩኝና ቡና እንጠጣ። ይቅርታ የምጠይቀው ድምፄን ከፍ ስላደረግሁ ነው፤ ስለተነሳሁ አይደለም።

ልጅቱ ትናንት ደውላ ነበር። ክስ ለመመሥረት ለወንድሟ ውክልና ልካለች። ጠበቃ አልያዙም፤ የአቤቱታ ጸሐፊ ጋ ሰኞ ይሄዳሉ። እኔ ምስክር ነኝ። ስንጥቁ ከማዕዘኑ እስከ መስኮቱ 2 ሜትር ከ10 ነው፤ ሰፊው ቦታ ላይ ጣቴ ይገባል። መሰረቱን በሜትር ለክቼ ቀኑን ጽፌ፣ ከወንድሟና ከቆፈረው ልጅ ጋር ሦስታችንም ፈርመንበታል። ፎቶው ስልኬ ላይ አለ።